በዋልካ ጓሮ ክረምት ላይ የሚጠወልገው አቮካዶና የሚጠቁረው ቲማቲም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አቃቂ አካባቢ ነው። ከቤቱ ጀርባ 8 ሜትር በ10 ሜትር የሚሆን፣ አፈሩ ጥቁር የሆነ ጓሮ አለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ፍግ ጨምሬበት ሁለት የተዳቀሉ አቮካዶዎችና አንድ አፕል ተከልኩ። በበጋ ደህና ያድጋሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን ቅጠላቸው ይገረጣል፣ ቅርንጫፋቸው ከጫፍ ይደርቃል። አምና ነሐሴ ላይ አንዱ አቮካዶ ሞተ። ዩሪያም ሰጠሁት፣ የምድጃ አመድም ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ቲማቲሙ ነሐሴ ላይ ከነፍሬው ይጠቁራል፤ ጎመኑና ቆስጣው ይቀጭጫሉ። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልጨምር? በሞተውስ ምትክ ሌላ አቮካዶ ልትከል?» ጥያቄው የተጻፈው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው።

ምላሽ፦

ማዳበሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ጥቁር አፈር፣ ሐምሌ፣ 60 በ60 በ60 ጉድጓድ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ የዛፉን ዕጣ አስቀድሞ መናገር አይከብድም። አቮካዶው የሞተው ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ነው። ቲማቲሙም ጎመኑም የሚጎዱት በዚሁ በክረምቱ ውሃ ነው፣ መንገዳቸው ቢለያይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ውሃ ብዙ፣ ስለ ማዳበሪያ ጥቂት ያነባሉ።

የእርስዎ አፈር ዋልካ ነው፤ መረሬም ኮትቻም ይሉታል። በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ታች የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ነው። ድሃ አፈር ነው ማለት አይደለም፤ ካልሲየሙም ፖታሲየሙም ብዙ ጊዜ በቂ ነው። የጎደለው አየር ነው። 60 በ60 በ60 የሚባለው ጉድጓድ ውሃ በሚያሰርግ ቀይ አፈር ላይ ጥሩ ምክር ነው፤ ዋልካ ላይ ግን ግድግዳው ውሃ የማያስወጣ ገንዳ ይሆናል። ሒሳቡን ቢሠሩት 216 ሊትር ይመጣል፣ ከአንድ በርሜል ይበልጣል። በፍግና በለስላሳ አፈር ሲሞሉት የጓሮው ጎርፍ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። ዛፉን በርሜል ውስጥ ተክለውት ነበር ማለት ነው።

ይህን በቃል ከሚቀበሉኝ በዓይንዎ ይዩት። ዛፎቹ ከሌሉበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉትና ሰርጎ እስኪያልቅ ይተዉት፤ የመጀመሪያውን ሙሌት ስንጥቁ ስለሚጠጣው አይቆጠርም። በማግሥቱ እንደገና ይሙሉና ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት አቁመው በየሰዓቱ ምን ያህል እንደወረደ ምልክት ያድርጉ። በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ዛፍ ይችላል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ፣ እዚያ መሬት ውስጥ የፍራፍሬ ዛፍ አይተከልም፤ ከመሬት በላይ ነው የሚተከለው። የእርስዎ ሁለተኛው ዓይነት እንደሚሆን እገምታለሁ።

አሁን ስለ በሽታው። ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ ፈንገስ የሚመስል ነገር ግን ከፈንገስ የተለየ የተህዋስያን ወገን አለ። ብዙ ዝርያ አለው። አንዱ የአቮካዶን ሥር ያበሰብሳል፣ ሌላው የአፕልን ግንድ ከአፈሩ ወለል ላይ ይበላል፣ ሦስተኛው ቲማቲምና ድንችን የሚያጠቁረው ሌት ብላይት ነው። ስለዚህ ሦስት የተለያየ ችግር ያለብዎ ቢመስልም ሦስቱም ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁሉንም የሚያስነሳቸው ውሃ ነው። የሥሩ ዓይነት ዘሩን ወደ ውሃው ይለቃል፣ ዘሩ ጭራ ስላለው በረጠበው አፈር ውስጥ እየዋኘ ሥር ፈልጎ ይይዛል። የቲማቲሙ በነፋስ ይመጣል፣ ግን ቅጠሉ ለሰዓታት ካልረጠበ ሊበቅልበት አይችልም።

የቀረው አቮካዶ ምን ላይ እንዳለ ለማወቅ ቅጠሉን ብቻ አይመልከቱ። ሁሉም ገርጥቷል፣ ግን አገረጣጡ ይለያያል። ናይትሮጅን ሲያጥር ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው። ብረት ሲያጥር ደግሞ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል፣ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። አመዱ የሚያባብሰው ይህንን ነው፤ አመድ አፈሩን ወደ ኖራማነት ይገፋዋል፣ ዋልካ ደግሞ ከመጀመሪያውም ወደዚያ ያደላ አፈር ስለሆነ ብረቱ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። እባክዎ አመዱን ከዚህ በኋላ ሌላ ቦታ ይድፉት። ሥሩ ሲታፈንና ሲበሰብስ የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው፦ ቅጠሉ ትንንሽ ይሆናል፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ይጠወልጋል፣ ቅርንጫፉ ከጫፍ እየደረቀ ይወርዳል። የእርስዎ ገለጻ ከዚህኛው ጋር ነው የሚገጥመው።

ማረጋገጫው ሥሩ ላይ ነው። ከግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በእጅ ይቆፍሩ። አቮካዶ የሚመገበው ከላይ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ነው። ጤነኛ ከሆኑ ነጭ ወይም ክሬም መልክ አላቸው፣ ሲታጠፉም አይሰበሩም። የበሰበሱት ጥቁር ናቸው፣ በጣት ሲነኳቸው ይፈረካከሳሉ። በሦስት ቦታ ቆፍረው ነጭ ሥር ጭራሽ ካላገኙ ዛፉን ነቅለው ያቃጥሉት፤ ማስታመሙ ትርፉ ድካም ነው። ከግማሽ በላይ ነጭ ከሆነ መዳን ይችላል። የሞተው በነበረበት ጉድጓድ ግን አቮካዶ አይመልሱ። ተህዋስያኑ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ማዳኛው ቦይ ነው። ከግንዱ አንድ ሜትር ርቀው፣ መሬቱ በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፍሩ። ጥልቀቱ ከጉድጓዱ ወለል መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ታች ያለው ውሃ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ከጉድጓዱ እስከ ቦዩ ያለውን ግድግዳ በአንድ በኩል ብቻ ይሰብሩ፣ የሚያገኙትን ወፍራም ሥር ሳይቆርጡ። ቦዩን ታች በድፍን ድንጋይ፣ ከላይ በጠጠር ይሙሉት። ሌላኛው ጫፍ የግድ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ መንገድ ዳር ቦይ መውጣት አለበት። መውጫ የሌለው ቦይ ሁለተኛ ገንዳ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወደ ጎረቤት አጥርም ወደ ቤትዎ መሠረትም አይምሩት። ዋልካ ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ ቦዩንም መደቡንም ከቤቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ማራቅ ይበጃል። መውጫ ማግኘት ካልቻሉ፣ ለምሳሌ መንገዱ ከጓሮው ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ቦዩን ይተዉትና በቀጥታ ከዚህ በታች ወደምገልጸው የአፈር ጉብታ ይሂዱ።

ለዛፉ ራሱ የሚደረገው ጥቂት ነው። ሥሩ ስለቀነሰ ቅርንጫፉም መቀነስ አለበት፤ የደረቀውን ሁሉና ከለምለሙም ሲሶውን ይግረዙ። ከተገረዘ በኋላ ፀሐይ ግንዱን ስለሚያቃጥለው ኖራ በውሃ በጥብጠው ይቀቡት። ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር አርቀው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይሆናል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይሁን። አዲስ ነጭ ሥር እስኪያወጣ ዩሪያም ጥሬ ፍግም አይስጡት። ፎስፎኔት የሚባል መድኃኒት ለዚህ በሽታ ይረዳል፤ ውሃው ሳይጠነፍፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላ አቮካዶ ልትከል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ግን የቀረው ካልዳነ ነው፤ በጓሮው የሚቆመው አንድ ብቻ ነው፣ አዲሱም ጉብታ ላይ። 80 ካሬ ሜትር ውስጥ ሁለት ትልልቅ አቮካዶ ካቆሙ ከጥቂት ዓመት በኋላ አትክልት የሚበቅልበት ፀሐይ አይኖርዎትም። ዛፉ ከ5 እስከ 6 ሜትር ቦታ ይፈልጋል። የሚቆመውም በጓሮው ሰሜን ጎን ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ አትክልቱ ፀሐይ በሚፈልግበት ወቅት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። በደቡብ ጎን የተተከለ ዛፍ መደቡን ሁሉ ያጠላበታል።

ጉብታው ታች 2 ሜትር፣ አናቱ ላይ 1 ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። ለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ከመቶ ሊትር ያህል አፈር ይፈልጋል፤ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 18 ወይም 19 ጊዜ ማመላለስ ነው። ሲቀመጥ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚወርድ ትንሽ አትረፍርፈው ይቆልሉት። ድብልቁ አራት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይሁን። ብስባሽ ሲበዛ ጉብታው በሁለት ዓመት ውስጥ ይሟሽሽና ዛፉ ተመልሶ ይሰምጣል። አሸዋ ገዝተው ከዋልካው ጋር የመቀላቀል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት፤ ትንሽ አሸዋ ጭቃውን ጡብ ነው የሚያደርገው፣ አፈሩን ለመለወጥ የሚበቃ አሸዋ ደግሞ በጋሪ ሳይሆን በመኪና ነው። ከመቆለልዎ በፊት ታች ያለውን ዋልካ 20 ሳንቲ ሜትር በዶማ ይፈርክሱት፣ ግን አይቆፍሩት። ጉድጓድ ከቆፈሩ ገንዳው ከጉብታው ሥር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ጉብታውን ግንቦት ላይ ይሥሩት፣ ክረምቱን ራሱ እየዘነበበት ይቀመጥ፣ ችግኙን መስከረም አጋማሽ ላይ ይትከሉ። ሐምሌ የችግኝ ወር መሆኑ ለአገር ዛፍ እውነት ነው፤ ዋልካ ላይ ለሚተከል አቮካዶ ግን ከሁሉ የከፋው ወር ነው። ሲገዙ የላስቲኩን ታች ከፈት አድርገው ሥሩን ለማየት ይጠይቁ። ነጭ ሥር የማይታይበትን፣ ወይም ላስቲኩ ውሃ ባቆረ መሬት ላይ የተደረደረበትን ጣቢያ ችግኝ አይውሰዱ፤ በሽታው ወደ ንጹሕ ጓሮ የሚገባው በአብዛኛው እንዲህ ነው። የተዳቀለው ከ3 እስከ 4 ዓመት ያፈራል፣ ከፍሬው ዘር የበቀለው ግን 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ከዝርያ ሃስ በገበያ ይወደዳል፤ ፉዌርቴና ቤከን ግን ብርድ ይበልጥ ይችላሉ። ለአቃቂ እኔ ብሆን ፉዌርቴን እመርጣለሁ። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ 10 ሳንቲ ሜትር መታየት አለበት።

ብርድ ያልኩት በከንቱ አይደለም። አቃቂ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ይተኛል። መስከረም የተተከለ ችግኝ ውርጭ ሲመጣ ገና ሁለት ሦስት ወሩ ነው። አራት እንጨት በዙሪያው ተክለው፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ጆንያ ያልብሱት፣ ጠዋት ይግለጡት። ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ቀን ላይ አፈሩን ማርጠብም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቀዋል።

አፕሉ። አንድ ብቻውን ከሆነ ዝርያውን ይጠይቁ። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጡት አናና ዶርሴት ጎልደን ናቸው፣ ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ፣ አንዱ የሌላው አዳቃይ። አና ብቻዋን ብትቆም አበባ ታወጣለች፣ ፍሬ ግን ትነፍጋለች። ከጨንቻ ደጋ ጋር ሲነጻጸር አቃቂ ሞቃት ስለሆነ ዛፉ በራሱ ቅጠል አራግፎ አያርፍም፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ ውሃውን ይቀንሱ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉና ውሃ ይመልሱለት፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እምቡጡ ይነሳል። ሥሩ ግን ያው ውሃ ይፈራል። ከአፈሩ ወለል ላይ ያለውን ቅርፊት በቢላ ጫፍ ትንሽ ይፋቁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ ዙሪያውን ከያዘው አልቆለታል። ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ቅጠሉ በረገፈበት ጊዜ ከነአፈሩ ነቅሎ ወደ ትንሽ ጉብታ ማዛወር ይቻላል። አቮካዶ ይህን አይችልም።

ጉብታ መሥራት የሚከብድዎ ከሆነ ዘይቱና ይትከሉ፤ ሥራቸው እርጥብ አፈር ከሚችሉት አንዱ ነው። ሮማንም ከባድ አፈር ይታገሣል። ኮክ ግን አይሞክሩ፣ ውሃ የቆመበትን ቦታ ከአቮካዶ ባላነሰ ይጠላል።

ወደ አትክልቱ። የአቃቂና የአዳ ገበሬ ሽምብራውንና ጓያውን ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረው እርጥበት ላይ የሚዘራበት ምክንያት አለው፤ መሬቱ ሐምሌ ላይ እንደማይገዛለት ያውቃል። የእርስዎም ጓሮ ያው መሬት ነው። ዋናው የአትክልት ወቅትዎ ከመስከረም እስከ ግንቦት መሆን አለበት፣ ክረምቱ ደግሞ ውሃ ለሚችለው ለጎመንና ለቆስጣ ብቻ፣ እሱም ከፍ ባለ መደብ ላይ።

መደቡ 1 ሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር መሄጃ። መሄጃው ውሃ ማጠንፈፊያም ስለሆነ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ 8 ሜትር ለሚረዝም መደብ ከአናት እስከ ጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልተው እንደ ግንበኛ ልኩን ይውሰዱ። ከአንድ ሜትር በላይ አያስፉት፤ ከሁለቱም ጎን እጅ ካልደረሰ መደቡ ላይ መርገጥ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ እርጥብ ሳለ የተረገጠ ዋልካ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይላላም። የሚቆፈርበትም ጊዜ ጠባብ ነው። እፍኝ አፈር ይዘው በመዳፍ ያድቦልቡሉ፤ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ከተንከባለለ ገና እርጥብ ነው፣ ይተዉት። በጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ዶማውን ያንሱ። ከዝናብ በኋላ ያለው ትክክለኛው ቀን ካለፈ ደግሞ ድንጋይ ነው የሚገጥምዎት።

በየመደቡ 5 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ ያልብሱና ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ጋር ያቀላቅሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሊትር፣ ለ8 ሜትር መደብ ሁለት በርሜል ይሆናል። ያን ያህል ብስባሽ ከቤት ተረፈ ምርት አይወጣም፣ ስለዚህ ፍግና ጭድ ከውጭ ማስገባት ግድ ነው። ክምሩ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካልሆነ አይግልም። 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ ሣርና የአትክልት ልጣጭ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ፍግ፣ እፍኝ አፈር፤ እየደገሙ መከመር ነው። ጨብጠው ሲጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ያገላብጡ፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። ክረምት ላይ በላስቲክ ካልሸፈኑት ይቦካና ይሸታል። የቡና አተላ ጥሩ ነው፣ ሥጋና ቅባት አይጦችን ይጠራል።

የጎመኑና የቆስጣው መቀጨጭ ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ናይትሬት ከተቀየረ በኋላ አፈሩ በውሃ ከተሞላ፣ አየር ያጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ከናይትሬቱ ይወስዱና ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይበናል። ክረምት ላይ የበተኑት ዩሪያ ቅጠል ሳይሆን አየር ሆነ። ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ይበቃል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ልሙጥ ነው። ከተተከለ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሌላ ሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጊዜ። ከግንዱ አንድ ጣት አርቀው አፈር ያልብሱት፤ ላዩ ላይ የተተወ ዩሪያ ፀሐይ ይወስደዋል።

ቲማቲሙን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የቱ ጥቁረት እንደሆነ ይለዩ። ቅጠሉ ጤነኛ ሆኖ የፍሬው ቂጥ ብቻ ጠቁሮ ከጎደጎደ በሽታ አይደለም፤ ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ሲያንስ ካልሲየም ወደ ፍሬው አልደረሰም ማለት ነው፣ መፍትሔው እኩል እኩል ማጠጣት ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጠዋት ላይ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ፣ ፍሬው ላይ ከትከሻው በኩል የሚጀምር ጠንካራ ቡናማ እድፍ ካለ ሌት ብላይት ነው። ነሐሴ ላይ ነው ስላሉኝ ይኸኛው ይመስለኛል። ከያዘ በኋላ በቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሳል። ማንኮዜብ የሚባለው የሚረጭ መድኃኒት የሚከላከለው ሳይይዝ ከተረጨ ነው፣ ዝናብም ያጥበዋል፤ የቤት ልጆች ከመደቡ ላይ ቆርጠው ለሚበሉት ቲማቲም በየሳምንቱ መድኃኒት መርጨት አልመክርም። የሚበጀው ወቅቱን መሸሽ ነው።

ዘሩን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከጭድ ጣራ ሥር ያፍሉ። ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ጥር መጨረሻ ውርጩ ሲያልፍ ወደ መደቡ ያዛውሩ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መደብ ሁለት መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር። ሚያዝያና ግንቦት ይለቅማሉ፣ ዋናው ዝናብ ሳይመጣ መደቡ ባዶ ይሆናል። ሮማ ቪኤፍና መልካ ሾላ አጫጭር ዝርያዎች ናቸው፣ ቁጥቋጣቸው አይነቀልም፤ የሚነቀለው እየረዘመ የሚሄደው ዓይነት ነው። ይህን ሳይለዩ አጭሩን ዝርያ የሚገርዝ ሰው ፍሬውን ነው የሚጥለው። ከታች ያሉትን ሦስት አራት ቅጠሎች ግን ከሁሉም ያንሱ፣ አፈር እንዳይረጭባቸው። ውሃ ከሥር እንጂ በላዩ ላይ አያፍስሱ። ድንችን በአጠገቡ አይትከሉ፣ በሽታቸው አንድ ነው። የነሐሴ ቲማቲም ካላገኘሁ ካሉ ግን ከላይ ላስቲክ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ጣራ ይሥሩለት። ዝናብ ካልነካው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

በጋ ላይ ጎመኑን ክሽክሽ ይወርሰዋል። የእጅ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርገው፣ ማታ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ በአምስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። የነካውን ብቻ ስለሚገድል አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ፋይዳ የለውም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠሉን ያቃጥላል።

ውሃ በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 30 ሊትር ያህል፣ ለሁለት ተከፍሎ። ሁለት መደብ ቢይዙ በሳምንት 480 ሊትር፣ ሁለት በርሜል ተኩል ገደማ ነው፤ ቧንቧ በፈረቃ ከሆነ የሚይዙት መደብ ብዛት የሚወሰነው በበርሜልዎ ነው። ጉዝጓዝ ካለበሱ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ስንጥቁም ሥር አይበጥስም። ለጉብታው ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ይስጡት፣ ግን ጣትዎን 10 ሳንቲ ሜትር አስገብተው እርጥብ ከሆነ ይዝለሉት። ውሃ ሲቸግር ከአቃቂ ወንዝ ቀድቶ ማጠጣት አለ፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የገባበት ስለሆነ ከባድ ብረቶቹ በተለይ ወደ ቅጠላ ቅጠል ይገባሉ፣ ማጠብም መቀቀልም አያወጣቸውም።

ሰኔ ሳይገባ ያለዎት አንድ ወር ያህል ነው። የጉድጓዱን ፈተናና የሥሩን ምርመራ በዚህ ሳምንት ይጨርሱ። ቦዩን በበልጉ ዝናብ መካከል አፈሩ በሚፈረፈርበት ቀን ይቆፍሩ፣ ጉብታውን ግንቦት መጨረሻ ይቆልሉ። የመደቡ ሥራ መስከረም ሊደርስ ይችላል፤ ቦዩ ግን አይችልም። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የዘነበ ቀን ዣንጥላ ይዘው ይውጡና የቦዩን ጫፍ ይዩ፤ ውሃ እየወጣ ካልሆነ ድንጋዩ መካከል ጭቃ ገብቷል፣ ከጫፉ ጀምረው ሁለት ሜትር ያህል አውጥተው እንደገና ይደርድሩት።